የኮኪት ቤት ስንት ሜትር ኩብ አርማታ ይፈጃል?

ሰሊጡ ተሸጦ ገንዘብ እጅ ሲገባ፣ መተማ ወረዳ ውስጥ ባለችው ኮኪት ብዙ ሰው የሚያስበው ምስጥ የጨረሰውን የእንጨት ቤት በብሎኬት መተካት ነው። ግንበኛ ይጠራል፤ ቦታውን በእርምጃ ለክቶ «ይህን ያህል ኩንታል ሲሚንቶ ይበቃል» ይላል። ግምቱ ከልምድ የመጣ ነውና አይናቅም። ጥያቄው ልምዱ የትኛው መሬት ላይ ተገኘ የሚለው ነው። ደጋ ላይ፣ ጥቂት ተቆፍሮ ዐለት በሚገኝበት ቦታ ሲሠራ የኖረ ሰው ያንኑ ቁጥር ይዞ ወደ መተማ ሲወርድ ዋልካው ያሳስተዋል። ሲሚንቶው መሠረት ላይ ያልቅና ቤቱ ኮለኑ ቆሞ፣ ፌሮው ዝጎ ክረምቱን ያሳልፋል።

ሂሳቡ ራሱ ከባድ አይደለም። ርዝመት፣ ወርድና ቁመት ማባዛት የሚችል ሰው ሁሉ ይሠራዋል። የሚያስቸግረው ምን ምን እንደሚቆጠርና መቼ እንደሚለካ ማወቅ ነው። ከዚህ በታች እንደ ምሳሌ በምናሰላው ባለ አራት ክፍል ቤት፣ ከጠቅላላው አርማታ ከመቶ 79 እጁ የሚገባው ከወለሉ ጀምሮ እስከ ጉድጓዱ ድረስ ነው። መንገደኛ የሚያየው ኮለንና የላይኛው ቢም የሚወስደው የቀረውን ብቻ ነው። ስለዚህ የእርስዎም ጥንቃቄ ከታች መጀመር አለበት።

መጀመሪያ መሬቱን ይወቁ

በመተማ ወረዳ ሰፊውን ቦታ የያዘው ጥቁር ዋልካ ነው። ዋልካ በበጋ ይሰነጠቃል፤ በአንዳንድ ቦታ ስንጥቁ እጅ ያስገባል። ከሰኔ እስከ መስከረም ዝናብ ሲጠጣ ደግሞ ያብጣል። ያበጠ አፈር ቀላል ቤትን ወደ ላይ ይገፋል፤ ሲደርቅ መልሶ ይለቀዋል። የግድግዳ መሰንጠቅ፣ የበር አልዘጋ ማለት፣ የወለል ማበጥ ብዙ ጊዜ ከዚህ ይመጣል። ሲሚንቶ በመጨመር ብቻ የሚድን ነገር አይደለም።

የሚደረገው ይህ ነው፦ ዋልካው ተቆፍሮ ይወጣል፣ በምትኩ የማያብጥ ገረጋንቲ በየ20 ሳንቲ ሜትሩ እየረጠበና እየተጠቀጠቀ ይሞላል፣ የኮለኑ እግር የሆነው ፉቲንግም ጠንካራ መሬት ላይ ይቀመጣል። ምን ያህል ጥልቀት እንደሚቆፈር፣ የፉቲንጉ ስፋትና የፌሮው ውፍረት ምን እንደሚሆን የሚወስነው መሬቱን ያየ ኢንጂነር ነው። እኔ እዚህ የማሳይዎ እሱ የሰጠዎትን ልኬት እንዴት ወደ ሜትር ኩብ፣ ወደ ከረጢትና ወደ መኪና ጭነት እንደሚለውጡ ነው። ቁጥሮቼን ለስሌቱ መለማመጃ ይውሰዷቸው እንጂ ፕላን አድርገው አይሥሩባቸው።

ፕላኑ ላይ ያለው ጥልቀትና መሬቱ ላይ የሚገኘው ጥልቀት የሚለያዩበት ጊዜ ብዙ ነው። ስለዚህ ሂሳቡን ሁለት ጊዜ ይሥሩት። አንዴ ከፕላኑ ላይ፣ ገንዘብዎን ለማቀድ። ሁለተኛ ቁፋሮው አልቆ ጉድጓዱን በሜትር ከለኩ በኋላ፣ ሲሚንቶ ለማዘዝ። ሁለተኛው ስሌት ሳይሠራ የመሠረት ሲሚንቶ አይግዙ።

ቤቱን በየአካሉ ይዘርዝሩት

የምሳሌ ቤታችን ከኮለን መሐል እስከ ኮለን መሐል 8 ሜትር በ6 ሜትር ነው። መሐል ለመሐል በተዘረጉ ሁለት ግድግዳዎች በአራት ክፍል ይከፈላል። ኮለኖቹ 9 ናቸው። ኮለኖቹን ከታች የሚያያይዘው ግሬድ ቢም 8 ሜትር የሚረዝሙ ሦስት መስመሮችና 6 ሜትር የሚረዝሙ ሦስት መስመሮች ስላሉት በድምሩ 42 ሜትር ነው። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፤ ሶሌታ (የአርማታ ጣሪያ) የለውም።

አንድ ደብተር ይያዙና እያንዳንዱን አካል በየመስመሩ ይጻፉ። ሁሉንም ልኬት በሜትር ያድርጉት፤ 25 ሳንቲ ሜትር 0.25 ነው። ሳንቲ ሜትርንና ሜትርን ቀላቅሎ ማባዛት ከሁሉ የበዛው ስሕተት ነው።

ፉቲንግ፦ 1.20 × 1.20 × 0.30 = 0.432፤ በ9 ሲባዛ 3.89 ሜትር ኩብ።

ከፉቲንግ እስከ ግሬድ ቢም ያለው ኮለን፦ 0.30 × 0.30 × 1.50 = 0.135፤ በ9 ሲባዛ 1.22 ሜትር ኩብ።

ግሬድ ቢም፦ 0.25 × 0.30 × 42 = 3.15 ሜትር ኩብ። መስመሮቹ በሚገናኙበት ቦታ ጥቂት ተደራርቦ ተቆጥሯል፤ አልቀነስኩትም።

የወለል አርማታ፦ በግሬድ ቢሞቹ መካከል እያንዳንዱ ክፍል 3.75 × 2.75 ነው። አራቱ ክፍሎች 41.25 ካሬ ሜትር ይሆናሉ፤ በ10 ሳንቲ ሜትር ውፍረት 4.13 ሜትር ኩብ። ግንበኛዎ ወለሉን በግሬድ ቢሙ ላይ አሳልፎ የሚሞላ ከሆነ ግን ስፋቱ 8.25 × 6.25 ስለሚሆን 5.16 ሜትር ኩብ ይወስዳል። የትኛውን እንደሚያደርግ ዛሬውኑ ይጠይቁት።

ከወለል በላይ ያለው ኮለን፦ 0.25 × 0.25 × 3.00 = 0.1875፤ በ9 ሲባዛ 1.69 ሜትር ኩብ።

ቶፕ ታይ ቢም (የላይኛው ቢም)፦ 0.20 × 0.20 × 42 = 1.68 ሜትር ኩብ።

ድምሩ 15.75 ሜትር ኩብ ገደማ ነው። ይህ ሁሉ በአገራችን ለመኖሪያ ቤት በብዛት የሚታዘዘው ሲ-25 የሚባለው አርማታ ነው፤ በ28 ቀኑ በካሬ ሚሊ ሜትር 25 ኒውተን እንዲሸከም የሚጠበቅ ማለት ነው።

ከፉቲንጉና ከግሬድ ቢሙ ሥር የሚነጠፈው 5 ሳንቲ ሜትር ስስ አርማታ (ሊን) ለብቻው ይቆጠራል፤ ሲሚንቶው አነስተኛ ነውና ከሌላው ጋር አይደመርም። ለፉቲንጉ 1.40 × 1.40 × 0.05 × 9 = 0.88፤ ለግሬድ ቢሙ 0.35 × 0.05 × 42 = 0.74፤ በድምሩ 1.62 ሜትር ኩብ።

ሜትር ኩቡን ወደ ከረጢት ይለውጡ

እዚህ ላይ አንድ ነገር በደንብ ይስሙኝ። ሲሚንቶ ዋጋው የሚነገረው በኩንታል ነው፤ የሚመጣው ግን 50 ኪሎ በሚይዝ ከረጢት ነው። አንድ ኩንታል ሁለት ከረጢት ነው። ግንበኛው «ስልሳ» ሲል ከረጢት ይሁን ኩንታል ሳይጠየቅ ገንዘብ የተላከባቸው ቤቶች አሉ፤ በተለይ ባለቤቱ ሱዳን ወይም ዐረብ አገር ሆኖ በስልክ የሚያሠራው ቤት። ደብተርዎ ላይ ሁልጊዜ «ከረጢት» ብለው ይጻፉ።

ለሲ-25 በአገራችን የሥራ ዝርዝሮች ላይ የሚጻፈው መጠን ለአንድ ሜትር ኩብ 360 ኪሎ ሲሚንቶ ነው። ይህም 7.2 ከረጢት ነው። 15.75 በ7.2 ሲባዛ 113.4 ከረጢት ይሆናል። ለሚፈስሰው፣ ካሳፎርማው ለሚውጠውና ለሚቀደደው ከረጢት ከመቶ 5 ሲጨመር 120 ከረጢት ይደርሳል። ለሊን 150 ኪሎ በሜትር ኩብ ነው የሚታሰበው፤ 1.62 ሜትር ኩብ 5 ከረጢት ይበቃዋል። ጠቅላላው 125 ከረጢት፣ ማለትም 62 ኩንታል ተኩል ነው።

በዚህ ውስጥ የብሎኬት መገንቢያው፣ ልስኑና ሊሾው የሉም። የነሱ ሲሚንቶ በሌላ ገጽ ላይ ይቆጠር። ብዙ ቤት ላይ ለቢም የተገዛ ሲሚንቶ ለብሎኬት እየተወሰደ ነው ጉድለት የሚመጣው፤ በኋላም ስሌቱ እንደተሳሳተ ይነገራል። ሁለቱን ክምር ለያይተው ያስቀምጡ።

ስለ ዓይነቱም አንድ ቃል። ከረጢቱ ላይ 42.5 የሚል ኦፒሲ እና 32.5 የሚል ፒፒሲ ያገኛሉ። የመጀመሪያው ቶሎ ይጠነክራል፤ ለፉቲንግ፣ ለኮለንና ለቢም ብዙ ጊዜ የሚታዘዘው እሱ ነው። ሁለተኛው ለግንባታ ጭቃና ለልስን ይመቻል። ኢንጂነሩ ያዘዘውን ይግዙ። በሱቁ የተገኘውን ወስዶ መጠኑን እንዳለ መተው ስሌቱን ያፈርሰዋል።

ሦስት ሳንቲ ሜትር ምን ያህል ያስከፍላል

በወረቀት ላይ ትክክል የሆነ ሂሳብ ሜዳ ላይ የሚበላሽባቸው ሁለት ቦታዎች አሉ። ሁለቱም በዋልካ መሬት ላይ ይብሳሉ።

አንደኛው የጉድጓዱ ጎን ነው። ደረቅ ዋልካ በስንጥቁ እየተገመሰ ይወድቃል፤ 1.40 ሜትር የተቆፈረው 1.50 ይሆናል። ካሳፎርማ ለመቆጠብ ተብሎ አርማታው በቀጥታ ጉድጓዱ ውስጥ ቢሞላ፣ ጎኑ ባይገመስም እንኳ 1.20 የነበረው ፉቲንግ የ1.40 ይሆናል። 1.40 × 1.40 × 0.30 × 9 = 5.29 ሜትር ኩብ። ከፕላኑ በ1.40 ሜትር ኩብ በለጠ፤ 10 ከረጢት ሲሚንቶ ከነአሸዋውና ከነጠጠሩ አፈር ውስጥ ገባ። ለፉቲንግ ጎን የሚሆን ጣውላ መከራየት ከዚህ ይረክሳል።

ሁለተኛው የወለሉ ሥር ነው። የድንጋይ ንጣፉ ሳይስተካከል፣ ክፍተቱ በደቃቅ ጠጠር ሳይሞላ አርማታ ቢፈስበት ወለሉ በአማካይ 3 ሳንቲ ሜትር ይወፍራል። 41.25 × 0.03 = 1.24 ሜትር ኩብ፤ 9 ከረጢት ማለት ነው። አርማታ ከመፍሰሱ በፊት ገመድ ከጫፍ እስከ ጫፍ ወጥረው፣ ከገመዱ እስከ ንጣፉ ያለውን ከፍታ በየክፍሉ ቢያንስ አምስት ቦታ ይለኩ። አማካዩን ይውሰዱና በዚያ ውፍረት እንደገና ያስሉ። አማካዩ ከ10 ሳንቲ ሜትር ከበለጠ፣ ርካሹ መፍትሔ ደቃቅ ጠጠር አምጥቶ መሙላት ነው።

በእነዚህ በሁለቱ ብቻ 19 ከረጢት ጠፋ። «ሂሳቡ 125 ብሎ 145 ፈጀ» ሲባል የሚሰሙት ታሪክ በአብዛኛው ይኸው ነው።

አሸዋ፣ ጠጠርና ሣጥኑ

ለአንድ ሜትር ኩብ ሲ-25 ግማሽ ሜትር ኩብ ከትንሽ የሚበልጥ አሸዋና 0.78 ሜትር ኩብ ገደማ ጠጠር ይገባል። ሁለቱ ተደምረው ከአንድ ሜትር ኩብ መብለጣቸው አያስገርምዎት፤ አሸዋው በጠጠሩ መካከል፣ ሲሚንቶው በአሸዋው መካከል ይገባል። ለምሳሌ ቤታችን ሊኑንና ለሲሚንቶው የጨመርነውን ከመቶ 5 ጨምሮ 9 ሜትር ኩብ ተኩል አሸዋና 14 ሜትር ኩብ ተኩል ጠጠር ይፈልጋል። አሸዋ ሜዳ ላይ ይባክናል፣ ከአፈር ጋር የተቀላቀለው ሥሩም አይነሣም፤ ስለዚህ 11 ሜትር ኩብ ይዘዙ። ጠጠሩን 15 ሜትር ኩብ ተኩል ያድርጉት።

የመኪናውን ጭነት ሹፌሩ በሚለው አይቀበሉ። ሳይገለበጥ ወደ ካሶኒው ወጥተው በውስጥ በኩል ርዝመቱን፣ ወርዱንና የአሸዋውን ከፍታ ለክተው ያባዙ። አሸዋው ከካሶኒው ጠርዝ በታች 15 ሳንቲ ሜትር ወርዶ ከሆነ፣ 4 ሜትር በ2 ሜትር በሆነ ካሶኒ ላይ 1.2 ሜትር ኩብ ጎድሏል።

አሸዋው ከጓንግም ይምጣ ከሌላ ወንዝ፣ ደለሉን ይፈትሹ። በጠራ የፕላስቲክ ጠርሙስ እስከ ግማሽ አሸዋ ያድርጉ፣ ውኃ ሞልተው በደንብ ይናጡት፣ ጥቂት ሰዓት ያስቀምጡት። ከላይ የሚቀመጠው ደቃቅ ጭቃ ከአሸዋው ከመቶ 6 እጅ ከበለጠ ሳይታጠብ አይጠቀሙበት። በ10 ሳንቲ ሜትር አሸዋ ላይ ከ6 ሚሊ ሜትር የወፈረ ጭቃ ማለት ነው።

ልኬቱ ሥራው ላይ እንዲጠበቅ የሚያደርገው ሣጥን ነው። አናጢው በውስጥ በኩል 50 ሳንቲ ሜትር ርዝመት፣ 40 ወርድና 18 ከፍታ ያለው ሣጥን ይሥራልዎ። 36 ሊትር ይይዛል፤ አንድ ከረጢት ሲሚንቶ የሚይዘውን ቦታ ያህላል። ለአንድ ከረጢት ሲሚንቶ ሁለት ሣጥን አሸዋና ሦስት ሣጥን ጠጠር፣ አፉ በጣውላ እየተላገ። በአካፋ ቆጥሮ ማቡካት ይቅር። ጠዋት የሞላ አካፋ ከሰዓት በኋላ ሲደክም ይጎድላል፤ የአሸዋው አካፋና የጠጠሩም አካፋ አይተካከልም። እያንዳንዱ ከረጢት 0.139 ሜትር ኩብ አርማታ ይሰጣል። ይህን ቁጥር ደብተርዎ ሽፋን ላይ ይጻፉት፤ በኋላ ይፈልጉታል።

ውኃውም ይቆጠራል

ለአንድ ከረጢት 25 ሊትር አካባቢ ውኃ ይበቃል፤ አሸዋው እርጥብ ከሆነ ይቀንሳል። ለቤቱ በሙሉ ማቡኪያው ብቻ 3,200 ሊትር ይጠጋል፤ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን 160 ማለት ነው። በሙቀቱ ምክንያት አርማታው ሲደርቅባቸው ሠራተኞቹ ውኃ ይጨምራሉ። ያ ውኃ እንዲፈስስ ያደርገዋል፣ ጥንካሬውን ግን ይቀንሳል። በዚህ ላይ አይለመኑ፤ ያለ ሲሚንቶ የተጨመረ እያንዳንዱ ጀሪካን አርማታውን ኢንጂነሩ ካሰበው ጥንካሬ በታች ያወርደዋል።

ማጠጣቱ ከማቡካቱ በላይ ውኃ ይፈጃል። ቢያንስ ለ7 ቀን፣ ፒፒሲ ከሆነ ደግሞ እስከ 14 ቀን አርማታው ሳይደርቅ መቆየት አለበት። ኮለኑን በእርጥብ ጆንያ ይጠቅልሉት፤ ወለሉን በገለባ ወይም በአሸዋ ሸፍነው ያርሱት። ቦቴ የሚያስመጡ ከሆነ ይህን ከአሁኑ በዋጋው ውስጥ ያስገቡ፤ ብዙ ሰው ይረሳዋል።

መቼ ይታዘዝ፣ መቼ ይፍሰስ

በመተማ ቆላ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ሙቀቱ 43 ዲግሪ ሊደርስ ይችላል። በዚያ ሙቀት እኩለ ቀን ላይ የተቦካ አርማታ ሳይጠቀጠቅ መያዝ ይጀምራል። ከሰኔ ጀምሮ ደግሞ ዋልካው ርሶ ከዋናው አስፋልት የወጣ መኪና ይሰምጣል፤ የተቆፈረ ጉድጓድም ኩሬ ይሆናል። መስከረምና ጥቅምት የሰሊጥ አጨዳ ስለሆነ ጉልበት ሠራተኛ አይገኝም። የቀረው ከኅዳር አጋማሽ እስከ የካቲት ነው፤ ገንዘቡም እጅ የሚገባው በዚያው ሰሞን ነው። ቁፋሮውን፣ ፉቲንጉንና ግሬድ ቢሙን በእነዚህ ወራት ይጨርሱ። ለሙቀቱ ወራት የሚተርፍ ሥራ ካለ ማለዳ ብቻ ያፍሱ፤ ጠጠሩን ከዋዜማው ውኃ ይርጩበት፣ ጥላም ያድርጉለት።

የሙገር፣ የደርባ፣ የዳንጎቴና የለሚ ሲሚንቶ ፋብሪካዎች ሁሉም ከዓባይ ማዶ ናቸው። የእነሱ ሲሚንቶ ኮኪት የሚደርሰው ከአዘዞ ወደ መተማ የሚወርደውን መንገድ ይዞ ነው። መንገዱ የሚዘጋበት ቀን አለ። ስለዚህ የአንድን ቀን ሥራ ሲሚንቶ ሙሉ በሙሉ እጅዎ ሳያስገቡ ማፍሰስ አይጀምሩ። ግሬድ ቢሙ 24 ከረጢት ከፈለገ 24ቱም በዋዜማው መጋዘን ውስጥ ይቆጠሩ። በመሐል ቢያልቅ፣ ማግስቱ የሚቀጠለው አርማታ ከትናንቱ ጋር በደንብ አይጣበቅም። ሆኖም የሁሉንም ሲሚንቶ አስቀድመው አይከምሩ፤ ከሦስት ወር በላይ የተቀመጠ ሲሚንቶ ኃይሉ ይቀንሳል። ከመሬትና ከግድግዳ ለይተው በእንጨት ላይ ያስቀምጡ፤ ከ10 ከረጢት በላይ አይደርድሩ።

ፉቲንጉ ያለቀ ቀን ማታ ባዶ ከረጢቶቹን ይቁጠሩ። ስሌታችን ለ9ኙ ፉቲንግ 28፣ ከብክነቱ ጋር 30 ከረጢት ብሏል። 30 ከፈጀ ቀሪውን በስሌቱ መሠረት ይዘዙ። 36 ከፈጀ ስድስቱ የት እንደገቡ ሳያውቁ ለግሬድ ቢሙ አንድም ከረጢት አይጨምሩ፦ ጉድጓዱ ሰፍቶ ነው፣ ሣጥኑ ሳይላግ ቀርቶ ነው፣ ወይስ ሲሚንቶው ለሌላ ሥራ ተወስዶ? ግንበኛውንና ፎርማኑን አጠገብዎ አስቀምጠው ደብተሩን ከፍታችሁ አብራችሁ ተመልከቱት።